ደም ሲደጋገም፦ ልብ ውስጥ ያለ ብረት እንዴት ይለካል?

ሰውነታችን ብረት የሚያስገባበት በር አለው፤ ትርፉን የሚያስወጣበት ግን የለውም። በቀን የምናጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከምግብ የሚገባውን አንጀታችን እየመጠነ ስለሚቀበል ሚዛኑ ይጠበቃል።

ከባድ ታላሴሚያ ያለበት ሰው ጋ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንደ ቆጵሮስና ግሪክ ባሉ አገሮች በብዛት ይታያል። ሕመምተኛው በቂ ሄሞግሎቢን መሥራት ስለማይችል በየጥቂት ሳምንቱ ደም ይሰጠዋል። አንድ ከረጢት ደም ደግሞ 200 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዟል። እስቲ እናስላው፦ በወር 2 ከረጢት ማለት በዓመት 4.8 ግራም ብረት ነው። የጤነኛ አዋቂ ሰው ጠቅላላ ብረት እኮ ከ3 እስከ 4 ግራም ገደማ ነው! ትርፉ ጉበትና ልብ ውስጥ ይጠራቀማል።

ብረቱን ይዘው የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ። ግን ምን ያህል ይሰጥ? ለዚህ መለካት ያስፈልጋል።

ቀላሉ መንገድ ፌሪቲን የተባለውን ብረት አከማች ፕሮቲን በደም ምርመራ ማየት ነው። ርካሽ ነው፤ ሆኖም ኢንፌክሽን ሲኖርም ስለሚጨምር ሊያሳስት ይችላል። ከጉበት ናሙና መውሰድም ይቻላል፤ መርፌ ይጠይቃል፣ ስለ ልብም አይነግረንም።

እዚህ ላይ ኤምአርአይ ይመጣል። ማሽኑ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሰዋል። የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ሰርግ ቤት እኩል እንደሚያጨበጭቡ ሰዎች አንድ ላይ ምልክት ይሰጣሉ። ብረት ካለ ግን በየጥጉ የተለያየ ከበሮ የሚመታ ያህል ነው፤ ማግኔታዊ መስኩን ስለሚያዛባው ጭብጨባው ቶሎ ይበታተናል። ምልክቱ የሚደበዝዝበት ፍጥነት ቲ-ቱ-ስታር በሚባል ጊዜ ይለካል። በ1.5 ቴስላ ማሽን የልብ ቲ-ቱ-ስታር ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ10 በታች ከወረደ አደጋው ትልቅ ነው። ልብ ብሉ፦ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይበዛል።

በ2001 የታተመ የለንደን ጥናት ትልቅ ነገር አሳየ፦ የፌሪቲንም ሆነ የጉበት ብረት ልኬት የልብን ብረት በትክክል አይጠቁምም። ጉበቱ የጸዳ ሰው ልቡ በብረት ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ልብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ዘግይቶ ነው፤ ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በብሪታንያ ይህ ምርመራ ከተጀመረና መድኃኒቱም ከተሻሻለ በኋላ የታላሴሚያ ሕሙማን ሞት በእጅጉ ቀንሷል።

ማሽኑ ብረቱን አያወጣም። የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ልብ ሳይደክም መድኃኒቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ።