«አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ»



ጉርድ ሾላ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በቅርቡ አንድ ሐጂ ከዐስር ሰላት በኋላ ገብተው «ልጄ፣ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ፤ ባለፈው ወር ያሻለኝ እሱ ነው» አሉኝ።

ያሻላቸው ካፕሱሉ ላይሆን ይችላል። ጥርስ ሲቦረቦር ተህዋስያን ውስጡ ያሉት ነርቭና የደም ሥሮች ዘንድ ይደርሳሉ። ነርቩ ተቆጥቶ ያብጣል፤ ጥርስ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ አይሰፋለትም። እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም ይኸው ነው። ቆይቶ ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ታማሚው ግን «መድኃኒቱ ሠራልኝ» ይላል። የሞተ ነርቭ ደም ስለማይዘዋወርበት የተዋጠው መድኃኒት እዚያ አይደርስም። ተህዋስያኑም በሥሩ ጫፍ ወደ መንጋጋ አጥንት ወርደው መግል ይቋጥራሉ። መፍትሔው ከሐኪሙ እጅ ነው፦ ሥሩን ማጽዳት፣ መግሉን ማፍሰስ ወይም ጥርሱን መንቀል።

ጥፋቱ የገዢው ብቻ አይደለም። በስፔንና በህንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በመጠይቅ ሲጠየቁ፣ ነርቩ ለተቆጣ ጥርስም አንቲባዮቲክ እናዛለን ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ግን ሌላ የጤና ችግር ለሌለበት ዐዋቂ ይህ እንዳይደረግ ይመክራል። ትኩሳት ካለ ወይም ኢንፌክሽኑ ከተዛመተ ይታዘዛል፤ ያኔም ከ3 እስከ 7 ቀን ነው። ዛሬ በጥቁር አንበሳና በጎንደር የሚማሩት ልጆች ነገ የሚጽፉት ማዘዣ እኛ ዘንድ ነው የሚመጣው። እኔም ሥራ ስጀምር ያለ ማዘዣ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። አራት ፍሬ ደካሞቹን ተህዋስያን ገድሎ ብርቱዎቹን ይተዋል፤ ሌላ ጊዜ ለሳንባ ምች ስንፈልገው እንቢ የሚለን ያው መድኃኒት ነው።

ሐጂ «ሐኪም ዘንድ መሄዱ ውድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን በየወሩ የሚገዙት ካፕሱልም ተደምሮ ብር ነው፤ ጥርሱም እዚያው አለ። የጨጓራና የኩላሊት ሕመም እንደሌለባቸው፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒትም እንደሌለ ጠይቄ ለማታ ማስታገሻ ሰጠኋቸው። ቅር እያላቸው ወጡ።

እናቶች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ወይም ከሽማግሌዎቻችሁ የአንዱ አገጭ ሥር ካበጠ፣ አፍ መክፈት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደው ንጋትን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት።