የጎማ ነፋስ፣ የቆላ መንገድና ቢጫው መብራት

የመኪናን ክብደት የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታመቀው ነፋስ ነው፤ ላስቲኩ፣ በላስቲኩ ውስጥ የተቀበረው የክርና የብረት ሽቦ ጥልፍልፍ፣ እንዲሁም ቸርኬው ይህን ነፋስ አፍነው የሚይዙ ዕቃዎች ናቸው። 1200 ኪሎ ግራም የምትመዝን የቤት መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 300 ኪሎ ግራም ታሳርፋለች፤ የጎማው ግፊት 230 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ይህም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው፣ ጎማው አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት 130 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪናዋ ስትታጠፍም ሆነ ፍሬን ሲያዝ፣ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለትም ሆነ በጠጠር መንገድ ላይ፣ ከመሬት ጋር ያላት ግንኙነት እጅ በሚያህሉ በእነዚህ አራት ቦታዎች የተወሰነ ነው። ለወንበር ልብስና ለቀለም ገንዘብ የማይሰስት ባለመኪና ለነፋሱ በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ የሚነፍገው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ያስቸግራል።

በነፋስ የሚሞላ ጎማ ከመኪና በፊት የተፈለሰፈ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቡ ገበያ ሳያገኝ ስለ ቀረ፣ በቤልፋስት የሚኖረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንደ አዲስ ሠራው። ሚሸሊን የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ደግሞ በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር ላይ ነፋስ የተሞላ ጎማ የተገጠመላት መኪና ይዘው ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ጎማው እጅግ ተሻሽሏል፤ ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ነው። በአንዳንድ ጎሚስታ ቤቶች በተጨማሪ ክፍያ የሚሞላው ናይትሮጂንም ቢሆን ከተራው አየር 78 በመቶ የሚሆነው ክፍል ስለሆነ ለቤት መኪና የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ትክክለኛው ልክ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አምራቹ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ በነዳጅ ማስገቢያው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ የሰፈረው ነው። ሠንጠረዡ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚያስፈልገውንም ለብቻው የሚያሳይ አለ። መለኪያው አንዳንዴ ኪሎ ፓስካል፣ አንዳንዴ ባር፣ በብዙ ጎሚስታ ቤቶች ደግሞ ፒኤስአይ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ የፓውንድ ክብደት ነው፤ 100 ኪሎ ፓስካል 1 ባር፣ 1 ባርም 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ 230 ኪሎ ፓስካል ማለት 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ትልቅ ቁጥር ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት የሚናገር እንጂ ለመኪናዋ የተመደበውን ልክ የሚያመለክት ስላልሆነ ከሠንጠረዡ ጋር ሊምታታ አይገባም። ለሚኒባሱም ለትንሿ የቤት መኪናም ያለ ልዩነት «ሠላሳ ሙላው» ብሎ ከመኪናው ሳይወርድ ስልኩን የሚነካካ ሾፌር፣ አምራቹ አስቦ የወሰነውን ሥራ በአንድ ቃል ሽሮታል ማለት ነው። በዓይን አይቶ ወይም በእግር መትቶ መፍረድም ዋጋ የለውም፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ራዲያል የተባለው የጎማ ዓይነት ልኩን ጠብቆም ከታች በኩል ትንሽ ሆዱ ስለሚወጣ፣ ሩብ ያህል ነፋስ የጎደለበትን ከሞላው ለይቶ የሚያውቅ ዓይን የለም።

በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር የሚመለከተው ቀዝቃዛ ጎማን ነው። ቀዝቃዛ ጎማ የሚባለው 3 ሰዓት ያህል የቆመ ወይም ከአንድ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ያልተጓዘ ጎማ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ከዚህ ቁጥር 30 ወይም 40 ኪሎ ፓስካል ከፍ ብሎ ቢገኝ ጤናማ ነው። ይህች ትንሽ ነጥብ በመዘንጋቷ ምክንያት ደጋ በሆኑ ከተሞች በሚኖሩ ሾፌሮች ዘንድ አንድ ሥር የሰደደ ስሕተት ተስፋፍቷል፤ ወደ አዋሽ፣ ወደ አፋር ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወረድ ሙቀቱ ጎማውን እንዳያፈነዳው አስቀድሞ ነፋስ ማስቀነስ ይገባል የሚለው ነው። ምክሩ ከአባት ለልጅ፣ ከሾፌር ለረዳት የሚተላለፍና የጥንቃቄ መልክ ያለው ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፤ ሆኖም ሊከላከለው የሚፈልገውን አደጋ ራሱ የሚጠራ ምክር ነው።

ነገሩን ለመረዳት መለኪያው የሚናገረው ቁጥር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ ይህ አንጻራዊ ግፊት ሊባል ይችላል፤ የውጭው አየር ግፊት ሲደመርበት ደግሞ ፍጹም ግፊት ይሆናል። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን 76 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሾፌር በአዲስ አበባ ማለዳ፣ የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ሰዓት፣ ጎማውን በሠንጠረዡ መሠረት 230 ኪሎ ፓስካል ቢሞላ፣ ፍጹም ግፊቱ 306 ይሆናል። ያው ጎማ ጅቡቲ ደርሶ በ35 ዲግሪ ጥላ ሥር አድሮ ቢለካ፣ ሙቀቱ ፍጹም ግፊቱን ወደ 327 ያሳድገዋል፤ ነገር ግን በባሕር ዳርቻው ያለው የውጭ አየርም 101 ስለሆነ፣ መለኪያው የሚያሳየው 226 ነው። ሙቀቱ የጨመረውን የውጭው አየር መክበድ መልሶ ይወስደዋል፤ ሾፌሩ አዲስ አበባ ላይ የሞላው ልክ ጅቡቲም ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል። በመሐል መንገድ፣ 1000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላቸው ሥፍራዎችና በተመሳሳይ ሙቀት፣ ቁጥሩ 237 ያህል ቢሆን ነው፤ ይህም ማንንም የሚያስፈራ አይደለም።

«ለጥንቃቄ» ብሎ 30 ኪሎ ፓስካል ያስቀነሰው ሾፌር ግን በዚሁ ስሌት ጅቡቲ ላይ የሚያገኘው 194 ነው፤ ከሚገባው 16 በመቶ ጎድሏል፤ ያውም ረጅም ቀጥታ መንገድ፣ ከፍተኛ ፍጥነትና ሙሉ ጭነት በአንድነት በሚገናኙበት ቦታ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ከመሬት የሚገናኘው ክፍል ከልክ በላይ ይጎብጣል፤ ከዚያም ተመልሶ ይቀናል። ሽቦን እየመላለሰ የሚያጥፍ ሰው ሽቦው ሲግል በጣቱ ላይ እንደሚሰማው ሁሉ፣ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ የሚጎብጠውና የሚቀናው የጎማ ጎንም ከውስጥ ይግላል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦው ጋር ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፤ በመጨረሻም መርገጫው ከአካሉ ይላቀቃል ወይም ጎኑ ይተረተራል። በዚህ ጊዜ «ነፋሱ በዝቶ ፈነዳ» የሚባለው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ አንሶት የፈነዳ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መንገድ መሐል ቆሞ የጋለውን ጎማ ማስተንፈስ ነው። ጎማ ሲሮጥ ሞቆ ግፊቱ ሲጨምር፣ ግፊቱ በበኩሉ ጎማውን ስለሚያጠነክረው መጉበጡ ይቀንሳል፤ መጉበጡ ሲቀንስም የሚፈጠረው ሙቀት ይቀንሳል፤ በዚህ መልክ ጎማው ራሱን በራሱ ያረጋጋል። ነፋሱን ያስተነፈሰ ሰው ይህን ሚዛን አፍርሶ ጎማውን ይበልጥ እንዲግል ይገፋዋል፤ መኪናዋ አድራ ስትቀዘቅዝም ግፊቱ ከልኩ በታች ወርዶ ይገኛል። በጋለ ጎማ ላይ ጉድለት ከታየ መጨመር ይቻላል፤ ትርፍ ከታየ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። (በአሸዋ የሚጓዙ ሰዎች ነፋስ መቀነሳቸው የተለየ ጉዳይ ነው፤ እነርሱ በዝግታ ይነዳሉ፤ አስፋልት ሲደርሱም ወዲያው መልሰው ይሞላሉ።)

የጎማ ነፋስ መጉደልን የሚያመለክተው ቢጫ መብራት የመጣው ከዚሁ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ እንዲሰበስብ ተገደደ፤ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ መርገጫቸው እየተላቀቀ መኪናዎቹ በመገልበጣቸው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፎርድ ለመኪናው መክሮ የነበረው 26 ፒኤስአይ ብቻ ሲሆን፣ ጎማ ሠሪው ከዚያ በኋላ 30 እንዲሆን መክሯል፤ ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የመኪናው በሚለው ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች ክፉኛ ተወዛግበዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መነሻነት፣ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በአገሪቱ የሚሸጥ ማንኛውም ቀላል መኪና የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ተደረገ፤ አውሮፓ ከ2014፣ ቻይና ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ግዴታ አደረጉት። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ ከቻይና በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይህ መብራት ያላቸው ስለሆኑ፣ ቀደም ሲል አሮጌ ኮሮላ ሲነዱ የኖሩ ብዙ ሰዎች ከመብራቱ ጋር የሚተዋወቁት ገና አሁን ነው።

ምልክቱ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ክፍት የሆነ የጎማ ቁራጭ ሲሆን በመሐሉ የቃለ አጋኖ ምልክት አለበት። ይህ መብራት አለመብራቱ ነፋሱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ የአሜሪካው ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ግፊቱ ከተመደበው ልክ 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ 230 ሊሆን የሚገባው 172 ደርሶ ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱን መለኪያ አድርጎ የሚጠቀም ሰው የዘገየ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በርቶ ከረፋድ በኋላ የሚጠፋ መብራትም ተሽሎት አልጠፋም፤ በ10 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ግፊቱ 10 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ጠርዝ ላይ የነበረው ጎማ በፀሐዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ በማግሥቱ ማለዳ ተመልሶ ይበራል።

የአሠራሩ ዓይነት ሁለት ነው። አንደኛው ቀጥተኛ የሚባለው ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ በነፋስ ማስገቢያው ጫፍ ላይ የተገጠመ አነስተኛ መለኪያ ግፊቱን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ዳሽቦርዱ ይልካል፤ ጎማ የሚያወልቅ ሰው ይህን ዕቃ በፌሮ እንዳይሰብረው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛው በፍሬን ሥርዓቱ የፍጥነት መቁጠሪያ አማካይነት፣ ነፋስ የጎደለው ጎማ ትንሽ አጥሮ ከሌሎቹ ፈጥኖ መዞሩን የሚያስተውል ነው፤ ይህኛው አራቱም ጎማዎች እኩል ሲጎድሉ ሊታለል ይችላል፤ ጎማው በተሞላ ቁጥርም አዲሱ ልክ በቁልፍ ወይም በስክሪኑ እንዲመዘገብለት ይፈልጋል።

በከፍታ ቦታዎች ለሚነሳ አንድ የተለመደ ጭቅጭቅ ምንጩ ቀጥተኛው ዓይነት ነው። በቸርኬው ውስጥ የታሰረው ዕቃ የውጭውን አየር ስለማያገኝ የሚለካው ፍጹም ግፊቱን ነው፤ ዳሽቦርዱም የውጭውን አየር ግፊት ቀንሶ ለሾፌሩ ያሳያል። አንዳንድ መኪናዎች ይህን ሲቀንሱ በደረሱበት ቦታ ያለውን ግፊት ይጠቀማሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሁልጊዜ በባሕር ጠለል ላይ ያሉ ያህል 101 ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ ላይ 230 የተሞላ ጎማ በእንዲህ ያለ መኪና ዳሽቦርድ ላይ 205 ሆኖ ይታያል፤ በፒኤስአይ 3.6 ያህል ልዩነት ነው። ባለመኪናው ተመልሶ ጎሚስታውን «ሰረቅኸኝ» ይላል፤ ጎሚስታውም ዳሽቦርዱ 230 እስኪል ይጨምርለታል፤ ጎማውም በእውነት 255 ሆኖ ይወጣል። ጥራት ያለው የእጅ መለኪያ በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የሚይዝ ሰው ከዚህ ሁሉ ንትርክ ይድናል፤ በየመሬቱ የሚወድቀው የጎሚስታ ቤት መለኪያም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም።

መብራቱ እየተጓዙ ከበራ ፍሬንን በድንገት ሳይረግጡና መሪን ሳይጠመዝዙ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ አራቱንም ጎማ መመልከት ያሻል፤ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ወይም መሪው ከከበደ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ ማለት ቸርኬውንም ጭምር ማጣት ነው። ሞተር ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ የሚቀር ከሆነ ግን የሚናገረው ስለ ነፋሱ አይደለም፤ በቸርኬው ውስጥ ያለው መለኪያ መበላሸቱን ወይም ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚያገለግለው ባትሪው ማለቁን ነው። ሌሎቹን መብራቶች በተመለከተ ቀለማቸው ይበቃል፤ ቢጫው ሳይዘገዩ ማስመርመርን፣ ቀዩ መቆምን ያዛል፤ በተለይ የዘይት ጣሳ ምስል ያለበት ቀይ መብራት የዘይት ግፊት መጥፋቱን ስለሚናገር ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው። መብራቱ እንዳይረብሸው በጥቁር ፕላስተር የሸፈነው ሾፌር ምን እንዳተረፈ ራሱ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ብዙውን ጊዜ መብራቱ የማይመለከተው አምስተኛው ጎማ ስኮርታው ነው። ከጭነት ማስቀመጫው ወለል በታች ለዓመታት ተረስቶ የሚተኛው ይህ ጎማ ነፋሱን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ቀጭኑና ለጊዜያዊ አገልግሎት የተሠራው ዓይነት ደግሞ የሚሞላው እንደ ሌሎቹ ሳይሆን 420 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 60 ፒኤስአይ ገደማ ስለሆነና አብዛኛውን ጊዜም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳበት ስለሚከለከል፣ አራቱ ጎማዎች በሚለኩበት ዕለት እርሱንም ማውጣትና በጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።