ሽጉጥን በጀርባ ተንጋሎ ስለ መተኮስ

እዚህ አብዱን ስንሰበሰብ የስፖርት ወሬያችን ከእግር ኳስና ከሩጫ እምብዛም አያልፍም። በዚህ እትም ግን ብዙ ስላልተወራለት አንድ ውድድር ጥቂት ማብራሪያ ልንሰጥ ወደድን።

ውድድሩ ከብረት የተቆረጡ የእንስሳት ቅርጾችን በሽጉጥ መትቶ መጣል ነው፤ ተመትቶ ያልወደቀ አይቆጠርም። መነሻው ሜክሲኮ ነው፤ የሽጉጡ ዘርፍ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተቋቋመ። በትልቁ ሽጉጥ ዶሮው 50፣ አሳማው 100፣ ተርኪ የሚባለው ወፍ 150፣ አውራ በጉ 200 ሜትር ላይ ይቆማል። 200 ሜትር የዚህ ሰፈር ድልድይ እኩሌታ ግድም ነውና ለሽጉጥ ቀላል ርቀት አይደለም።

ቆሞ መተኮስ የራሱ ምድብ አለው። በነፃው ምድብ የሚዘወተረው አተኳኮስ ግን፣ ተኩስ ሲባል በደረት መተኛት ትዝ ለሚለው ለእኛ ሰው ያስቃል፤ ተኳሹ በጀርባው ይንጋለላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሽጉጥ ይህ የለውም። ደንቡም ከራስ አካል በቀር ሌላ ድጋፍ ይከለክላል። ስለዚህ ቀኝ ጉልበቱን አጥፎ ሽጉጡን ከባቱ ጎን ያስጠጋል፤ ግራ እጁን ለራሱ ትራስ ያደርጋል። ስሙ ክሪድሙር ነው፤ በ1873 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ከተከፈተ የተኩስ ሜዳ የተወረሰ።

አፈሙዙ ምንጊዜም ከእግር አልፎ መውጣት አለበት። ሪቮልቨር ሲሆን ይህም አይበቃም፤ በሚሽከረከረው የጥይት ቤትና በበርሜሉ መካከል ካለው ክፍተት ትኩስ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ ወደ ጎን ይተፋል፤ ሱሪ ቀዶ ሥጋ ያቆስላል። ለዚህም እግር ላይ ወፍራም ቆዳ ይታሰራል። ያላሰረ ሰው በሪቮልቨር ባይንጋለል ይሻለዋል ባዮች ነን።