ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመኪናን ብልሽት አስቀድሞ ስለ መመርመር

በሞያሌ ከተማ የኢትዮጵያንና የኬንያን ወሰን የሚያቋርጥ ሾፌር ሁሉ የመንገዱን ጎን መለወጥ ግዴታው ነው። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን በቀኝ በኩል ነው። በማርሳቢት ካውንቲ ከምትገኘው ከዳበል ተነሥቶ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር የኬንያ መኪና ጎኑን ቢለውጥም፣ የፊት መብራቱ እንደ ነበረ ይቀራል። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ብርሃኑን አጠንክሮ የሚጥለው ወደ ግራው የመንገድ ዳር ነው። ወሰኑን ከተሻገረ በኋላ ግን ያው ብርሃን ከፊት ለፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል።

መብራቱ አልተሰበረም፤ አምፑሉም አልተቃጠለም። እንዲያውም የተሠራበትን ሥራ በሚገባ እየፈጸመ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ማሰብ የማን ፈንታ ነው? የሾፌሩ ብቻ ነውን? ወይስ መኪናውን ነድፎ የሠራው መሐንዲስም ድርሻ አለው?

መሐንዲሱ ድርሻ እንዳለው የሚያስገነዝብ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። በእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ኤፍ.ኤም.ኢ.ኤ. ይባላል፤ በአማርኛ «የብልሽት ዓይነትና ውጤት ምርመራ» ብንለው ያስኬዳል። መነሻው በ1949 የአሜሪካ ጦር ኃይል ያወጣው መመሪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ ሰውን ወደ ጨረቃ ለማድረስ የተሰናዳው የአፖሎ ፕሮግራም ሠርቶበታል። በ1970ዎቹ ደግሞ ፎርድ ኩባንያ ወደ አውቶሞቢል ሥራ አስገባው። በዚያ ዘመን ፒንቶ የተባለችው የፎርድ መኪና ከኋላዋ ስትገጭ የቤንዚን መያዣዋ እየተቀደደ እሳት ያስነሣ ስለ ነበር፣ ኩባንያው በ1978 እርስዋንና እኅት ሞዴሏን ጨምሮ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን ለእርማት ለመጥራት ተገዷል።

የምርመራው ሥራ የሚጀመረው በወረቀት ላይ ነው። ንድፍ አውጪው፣ የፋብሪካው ኃላፊ፣ የጥራት ተቆጣጣሪውና የጥገና ባለሙያው አብረው ተቀምጠው እያንዳንዱን ዕቃ በተራ እያነሡ ይጠያየቃሉ። የዚህ ዕቃ ሥራ ምንድን ነው? ሥራውን በምን በምን መንገድ ሊያጓድል ይችላል? ቢያጓድል በሰው ላይ ምን ይደርሳል? የጉድለቱ ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል? መኪናው ለገዢው ከመድረሱ በፊትስ ጉድለቱ በምን ይታወቃል?

ለምሳሌ ያህል የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን የላስቲክ ቱቦ እንውሰድ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ቱቦው ጎማውን የሚነካ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ተፍቆ በመጨረሻ ይፈነዳል። ይህ የንድፍ ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም የቱቦውን መስመር መለወጥ ነው። ንድፉ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ማያያዣውን ሳያጠብቀው ቢቀር ደግሞ የአሠራር ጉድለት ይባላል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛውን መቆጣት ብቻውን ፋይዳ የለውም። ማያያዣው በሚገባ ካልጠበቀ መኪናው ወደሚቀጥለው ተራ እንዳያልፍ የሚያግድ መሣሪያ መትከል ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርመራው አንድ ጊዜ ለንድፉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ለፋብሪካው ሥራ ይደረጋል።

ለእያንዳንዱ ጉድለት ከ1 እስከ 10 የሚደርሱ ሦስት ነጥቦች ይሰጡታል። እነርሱም የጉዳቱ ክብደት፣ የመደጋገሙ መጠንና ከተቆጣጣሪ ዓይን የማምለጡ ዕድል ናቸው። ለብዙ ዘመን የየትኛው ጉድለት እርማት እንደሚቀድም ይወሰን የነበረው ሦስቱን ነጥቦች በማባዛት ነበር። ነገር ግን ቁጥርም ያታልላል። የፍሬን ቱቦ መፈንዳት በክብደት 10፣ በመደጋገም 2፣ በማምለጥ 3 ቢያገኝ ብዜቱ 60 ነው። የመስኮት መንቀጫቀጭ 4፣ 6 እና 5 ቢያገኝ ግን 120 ይሆናል። በብዜቱ ብቻ ብንመራ የመስኮቱ ጫጫታ ከሰው ሕይወት ሊቀድም ነው! በ2019 የአሜሪካና የጀርመን የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ብዜቱን ትቶ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጉዳቱ ክብደት እንዲታይ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ፍሬ በሞያሌ በሚያልፉት ከባድ የጭነት መኪናዎች ላይ ይታያል። የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ ቢያልቅስ? ንድፍ አውጪዎች ለዚህ ኃይለኛ ሞላ አበጅተዋል። ሞላውን ገትቶ የሚይዘው አየሩ ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲጎድል ሞላው ተለቆ ጎማውን ይይዘዋል። በዚህም ብልሽቱ ራሱ መኪናውን ያቆመዋል።

ምርመራው መኪናው የሚኖርበትን አገር አየር ከዘነጋ ግን ከንቱ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ የነበረው አሞኒየም ናይትሬት፣ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ባሕርዩ ይለወጥ ነበር። በግጭት ጊዜም ከመጠን በላይ እየፈነዳ በተሳፋሪው ላይ የብረት ስብርባሪ ይረጭ ነበር። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል የኤርባግ መንፊያዎች ለለውጥ ተጠሩ፤ ኩባንያውም በ2017 ከሰረ። ሕይወት ለማዳን የተሠራ ዕቃ ሕይወት አጠፋ።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው አምቼ ከባድ መኪናዎችን ሲገጣጥም ኖሯል፤ በናይሮቢም የአይሱዙ መኪናዎች ይገጣጠማሉ። በአገራችን ሙቀት፣ አቧራና ጠጠር ምን እንደሚሰበር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው በየከተማው ያለው መካኒክ ነው። እርሱ የሚያውቀው በጽሑፍ ተይዞ ወደ ፋብሪካው ካልደረሰ፣ መሐንዲሱ በወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ እንደ ተወ ይቀራል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ መኪና የሚገዛ ሹም ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ ብልሽቱ አስቀድሞ ስለ መመርመሩም ሊጠይቅ ይገባዋል። ወሰን የሚሻገር ሾፌርም ከመነሣቱ በፊት የፊት መብራቱን ሊያስተካክል ወይም ብርሃኑ ሰው በማይጎዳበት አኳኋን ሊሸፍነው ይገባል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በወረቀት ላይ የተገኘ ጉድለት በእርሳስ ይታረማል፤ በመንገድ ላይ የተገኘውን ግን ቤተሰብ በሐዘን ይከፍለዋል።