ሞተሩ ተነሳ፣ ሚኒሞው ግን አልረጋም

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው ባሱንዳ አካባቢ የሚያዝያ ቀትር ሙቀት 40 ዲግሪ ይነካል። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ኮፈን ሥር ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ይብሳል። ብዙ ሰው ባትሪ ገዳዩ ብርድ ይመስለዋል። ብርድ ጉልበቱን ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ ዕድሜውን የሚበላው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ለውጥ በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ውሃው ይተናል፣ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ይበላሉ። በቆላው የተጎዳ ባትሪ ታዲያ ጉዱን የሚያወጣው አንዳንዴ መተማን አልፎ ጎንደር ካደረ በኋላ፣ በማለዳው ብርድ ነው።

የሞተ ባትሪ ራሱ መንገድ አያስቀርም። አላፊ መኪና ይቆማል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ይጠፋል፣ የዳሽቦርድ መብራቶች ይበራሉ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር ይደነቃቀፋል። ባለመኪናው ካንዴላ ይለውጣል፣ የነዳጅ ፓምፕ ያስፈታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው።

አንደኛው ምክንያት መርሳት ነው። የዘመኑ ሞተር ኮምፒውተር በአየር ማስገቢያው ክዳን ላይ ጥላሸትና አቧራ ሲከማች ያንን እያየ ክዳኑን በጥቂቱ አስፍቶ መክፈት ይለምዳል። በብዙ መኪኖች ይህ ልምድ የሚቀመጠው ባትሪው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ፋብሪካው ወደ ሰጠው ልክ ይመለሳል፤ ክዳኑ ግን አሁንም ቆሻሻ ነው። አየር ያንሳል፣ ሞተሩ ይዋዥቃል። የገዳሪፍን አቧራ ለሚያውቅ ይህ አይደንቀውም። ክዳኑን አጽድቶ፣ ኤሲና መብራት አጥፍቶ፣ ሞተሩን በሚኒሞ እስኪሞቅ ማቆየት፣ ከዚያም ጥቂት መንዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አንዳንድ መኪና በመመርመሪያ መሣሪያ ካልተስተካከለ አይመለስም። ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ይህ ትዝታ ስለሌላቸው የእነሱ መንቀጥቀጥ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ሁለተኛው የቮልት ማነስ ነው። ዲናሞ የተሠራው የጎደለውን ለመሙላት እንጂ ባዶ ባትሪን ከዜሮ ለማንሳት አይደለም። ባዶ ባትሪ ሲገጥመው ባለ በሌለ አቅሙ ይሠራል፣ ይግላል፣ ሞተሩን ይጎትታል። ቮልቱ ሲያንስ ነዳጅ መርጫዎቹ ዘግይተው ይከፈታሉ፣ የካንዴላው ብልጭታም ይደክማል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ቴስተር ይቅደም። አርፎ የቆመ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ማለት ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። በ12 አካባቢ ቆሞ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

መጀመሪያ ኬብል ሲዘረጋም ጥንቃቄ ያሻል፤ ከባድ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ 24 ቮልት ናቸው። የቤት መኪናን በቀጥታ ከእነሱ ማስነሳት ኮምፒውተሩን መጥበስ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የተምታታ እንደሆነ ደግሞ ዋናው ፊውዝ ወይም የዲናሞው ዳዮዶች ይቃጠላሉ። የመጨረሻው ጥቁር መቆንጠጫ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ የሚያዘው፣ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ስለሚፈነዳ ነው።

ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ የጋራዥ ልማድ አለ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት። በአሮጌ መኪና ያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ኃይል መሄጃ ያጣና ለቅጽበት ከ80 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል። ባለመኪናው ሊያውቅ የፈለገውን ቴስተሩ ያለ ምንም አደጋ ይነግረው ነበር።

ሁሉም ተስተካክሎ ባትሪው በየማለዳው ከሞተ፣ ሬዲዮው ካፏጨ፣ መብራቱም ከተንቀጠቀጠ የዲናሞው አንድ ዳዮድ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ ዳዮድ ሌሊቱን ባትሪውን ያፈሳል፣ ቀን ደግሞ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ወደ ተለዋጭ ጅረት አዙሮ ባትሪው ላይ መለካት ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ዲናሞው ይፈታ።