የኋለኛው ወይን፤ ሽምግልናና ዳግም ጋብቻ በወርኃ ጥር



ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ የሚገባው መንገደኛ፣ በጥር ወር ሁለት ዓይነት ጉዞ ያያል። አንደኛው ታቦታቱን አጅቦ በዝማሬና በእልልታ ከጥምቀተ ባሕር የሚመለሰው ሕዝበ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ ጤዛው ሳይረግፍ ወደ ሰው ደጅ የሚገሰግሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ አይደገስምና፣ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የሽማግሌ እግር የማያርፍባቸው ናቸው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ ነጭ የለበሰችውን ኮረዳ በበዓሉ ሜዳ ላይ ያየ ወጣት፣ ጥንት በሎሚ ውርወራ የሚጀምረውን ጉዳይ በአባቶች አንደበት ይፈጽመዋል።

በአምቦና በአካባቢው ሕዝቡ በአፋን ኦሮሞ «ጃርሳ» የሚላቸው እነዚህ አባቶች የሚከተሉት ሥርዓት የታወቀ ነው። ከደጅ ደርሰው «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። የልጅቱ አባትም ነገሩ በልቡ ቢገባም በዚያው ቀን «እሺ» አይልም፤ ከዘመድ ልማከር ብሎ ሌላ ቀን ይቀጥራል። የሚመጡት ለምን እንደሆነ ከአያት እስከ ሕፃን ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ሁሉም እንደማያውቅ ሆኖ ይቀመጣል። የሽምግልና ደስታውም ፈገግታውም ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው አስቀድሞ «ለእገሌ ማን ትሁን?» እየተባለ በሚደረገው ምክር ላይ ብዙ ጊዜ የማይጠራ ስም አለ። ይኸውም ባሏ የሞተባት ወይም ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ስም ነው። አንዱ ቢያነሣው ሌላው ይስላል፤ ሦስተኛው ወሬ ይለውጣል። የመጀመሪያይቱ «ገፊ ናት» ትባላለች፤ ሁለተኛይቱ «ፈት ናት» ተብላ ትታለፋለች። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ግን ገና ተዝካሩ ሳይወጣ «ቤቱን ማን ይይዝለታል?» ተብሎ ይታሰብለታል። እኛም ይህን ልማድ በየሠርጉ ቤት ስናየው፣ የሚያስነሣ ምክንያት ከመጽሐፍም ከሥርዓትም አላገኘንለትም። እንዲያውም ያገኘነው ተቃራኒውን ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ጦቢት አለ። የራጉኤል ልጅ ሣራ ለሰባት ባሎች ተሰጥታ ሰባቱም በሠርጋቸው ሌሊት ሞቱባት። የገደላቸው ክፉ መንፈስ ነው፤ ስድቡን የተሸከመችው ግን እርሷ ናት። የአባቷ አገልጋይ ሳትቀር ባሎችሽን አንቺ ገደልሻቸው ብላ ሰደበቻት። ሣራ በሐዘን ራሷን ለማጥፋት እስክታስብ ደረሰች፤ ነገር ግን የአባቷን ሽምግልና አስባ ተወችና ጸለየች። በዚያው ሰዓት በነነዌ በምርኮ ያለውና ዓይኑ የታወረው ጦቢት ይጸልይ ነበር። የሁለቱም ጸሎት ተሰማ፤ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤልም ሁለቱን ሊረዳ ተላከ።

መልአኩ የመጣው አዛርያስ የሚባል መንገድ መሪ መስሎ፣ በቀን ደመወዝ ተቀጥሮ ነው። የጦቢትን ልጅ ጦብያን ይዞ ሲሄድ ስለ ሣራ ነገረው። ጦብያም ለወላጆቼ አንድ ነኝ፣ እንደ ሰባቱ ብሞትስ ብሎ ፈራ። ሩፋኤል አበረታው፤ የሚያደርገውንም አስተማረው። ከራጉኤል ቤት በደረሱ ጊዜ ሙክት ታረደ፣ ማዕድ ቀረበ። ጦብያ ግን ጉዳዩ ሳይወሰን እህል አልቀምስም አለ። እነሆ፣ ሳይሰሙ የማይቀመጡት የአምቦ አባቶች ወግ በዚያ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ዘመድ አለው!

ራጉኤልም የሰባቱን ሞት አልደበቀም፤ እውነቱን ሁሉ ነግሮ ልጁን በጽሑፍ ውል ሰጠ። ሙሽሮቹ ተነሥተው ጸለዩ። ደጉ አማት ግን ፍርሃቱ አልለቀቀውምና በሌሊት ተነሥቶ፣ ነገሩ ጎረቤት ሳይሰማ እንዲያልፍ ብሎ፣ ለአዲሱ ሙሽራ መቃብር አስቆፈረ። በኋላም አገልጋይቱ መብራት ይዛ ብትገባ ሁለቱም በሰላም ተኝተው አገኘቻቸው። ራጉኤል ፈጣሪውን አመስግኖ፣ ሳይነጋ ጉድጓዱን ድፈኑት አለ፤ ድግሱንም 14 ቀን አደረገው። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በሠርግ መደምደሙን አንባብያን ያስታውሳሉ። በአንድ ሌሊት ለቅሶን ወደ ሳቅ፣ መቃብርን ወደ ድግስ የሚለውጥ ታሪክ የፈለገ ግን ወደ መጽሐፈ ጦቢት ይመለስ።

ከዚህ ታሪክ ሽማግሌ የሚማረው ብዙ ነው። ሩፋኤል «ገፊ» የተባለችውን አልዘለላትም። ራጉኤልም ያለፈውን አልሸሸገም። ሙሽራው አውቆና ፈቅዶ ገባ። በዚህም ላይ የአገራችን ሕገ መንግሥት (1987 ዓ.ም.) በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ለሟቹ ወንድም እንደ ንብረት የምትተላለፍ አይደለችም፤ ሽማግሌ ቢሄድም መልሱ የእርሷ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ግልጽ ነው። ለደናግል ሥርዓተ ተክሊል፣ አስቀድመው ትዳርን ለሚያውቁ ደግሞ የመዓስባን ጸሎት ተሠርቶላቸዋል። በሁለተኛው ጋብቻ አክሊል አይደፋም፤ ነገር ግን ንስሐ ገብተው፣ ጸሎቱ ደርሶላቸው፣ ሥጋውንና ደሙን በአንድነት ተቀብለው ቤታቸውን ይመሠርታሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ታገባ ዘንድ ነፃ መሆኗን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። እንደ ነቢይቱ ሐና በመበለትነት መጽናትም ክብር ነው፤ የሚመርጠው ግን ባለቤቱ እንጂ ጎረቤቱ አይደለም። ካህን ሚስቱ ብትሞትበት ሁለተኛ አያገባም፤ ይህ የክህነት ሕግ ነው፤ በምእመናን ላይ የሚጫን ቀንበር ግን አይደለም። ትዳራቸው የተናወጠባቸውን በተመለከተም ሁለተኛው ዕድል አስቀድሞ ዕርቅ ነው። ሽማግሌ ለማጋባት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ፣ ለማስታረቅ ሰባት ጊዜ ቢመላለስ አይበዛበትም።

በዞኑ ካሉት ከተሞች በአንደኛይቱ ያየነውን እዚህ ላይ እናንሣ። ሚስቱ ያረፈችበት የሁለት ልጆች አባት ወደ አንዲት መበለት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የለመዱት «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ለአባት መናገርን ነው። ከደጅ ሲደርሱ ግን የሴቲቱ አባት በሕይወት የለም፤ በሩን የከፈቱት የሟቹ ባሏ እናት ናቸው። መሪው ሽማግሌ ያዘጋጁት ንግግር ጠፋባቸውና ስለ ዘንድሮው ጤፍ ማውራት ጀመሩ። አሮጊቷ ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያም ጤፉ ደህና መሆኑን ተናግረው፣ ስለ ምራታቸው የመጡ እንደሆነ ግን በግልጽ እንዲናገሩ ጠየቁ። በልጃቸው ሞት አብረው ያለቀሱ መሆናቸውን፣ ምራታቸው ልጅ እንደሆነቻቸው፣ እርሷ ከፈቀደች እርሳቸው ራሳቸው እንደሚድሩ አስታወቁ። ሴቲቱም ተጠርታ ጊዜ ስጡኝ አለች፤ በቀጠሮውም ቀን ፈቀደች። እኛ በዚያች እናት ላይ ያየነው ለምራቷ ለሩት ቤት የፈለገችላትን ኑኃሚንን ነው። ሩት በቦዔዝ ቤት ያገኘችው ሁለተኛ ትዳር ከጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ መግባቱን የማቴዎስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ይመሰክራል።

ሠርጋቸው ጥሩምባ አልነበረውም። በማለዳ ቅዳሴ አስቀድሰው ቆረቡ፤ ከዚያም በአነስተኛ ዳስ ጠላና ድፎ ዳቦ ቀረበ። ድፎውን ባርከው የቆረሱት የቀድሞ አማቷ ነበሩ። የሁለቱ ቤት ልጆች ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሲጣሉ ዋሉ፤ በማታው አንድ ላይ ተኝተው ተገኙ።

አባቶች እንደሚያስተምሩት የቃና ተአምር የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ የውኃው በዓል ከውኃ በዓል ጋር እንዲሆን ብለው ጥር 12 ቀን እንዲከበር ሠርተዋል። የምዕራብ ሸዋ ሰው ለዚህ በዓል ምሳሌ አይቸግረውም፤ የውኃው ስም አምቦ፣ የወይን ጠጁ ስም ጉደር ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁትም 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቃና ሠርግ ላይ ወይኑ ባለቀ ጊዜ ያፈረ ቤት ነበረ። ስለዚያ ቤት የለመነችው እመቤታችን ናት፤ የታዘዙትም አገልጋዮች ስድስቱን ጋኖች እስከ አፋቸው ሞሉ። አሳዳሪውም ቀምሶ መልካሙ ወይን እስከ አሁን መቆየቱን አደነቀ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በየሰፈራችን ወይኑ ያለቀበት ቤት አለ። በዚህ ወር ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ ስትነሡ፣ ስሙ ሲጠራ የሚሳልበትን ያንን ቤት አትዝለሉት። በሩን አንኳኩ፤ ፈቃዱን ጠይቁ፤ እውነቱን ተነጋገሩ። የኋለኛው ወይን ከፊተኛው ሊጥም እንደሚችል በዓሉ ራሱ ያስተምራልና።

መልካም በዓል!