መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ሒሳብ

በወርቅና በቡና ስሟ በሚነሳው ሻኪሶ አንድ የቡና አቅራቢ ለገበሬ የሰጠውን ቅድሚያ ገንዘብ፣ የተረከበውን እሸት ቡናና ያልተሰበሰበውን ዱቤ የሚመዘግበው በቤቱ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ፣ ሥጋቱ ሌባ ብቻ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሒሳቡ ያለበት ዲስክ አልከፈት ሊልና «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ የዓመቱን ሒሳብ ዕጣ ይወስናል።

ነገሩ ከመጋዘን ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ አለ፤ የት እንደተቀመጠ የሚናገረው ግን ቢን ካርዱ ነው። በዲስክ ላይ ይህን መዝገብ የሚይዘው ፋይል ሲስተም ይባላል። መብራት በርክክቡ መሐል ከተቋረጠ ዕቃው ገብቶ መዝገቡ ሳይሞላ፣ ወይም መዝገቡ ተሞልቶ ዕቃው ሳይገባ ይቀራል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ያወጣው ኤንቲኤፍኤስ ለዚህ መላ አበጅቷል። መዝገቡን ከመለወጡ በፊት ሊሠራ ያሰበውን በተለየ ማስታወሻ ይጽፋል፤ መብራት ሲመለስም ያንን አንብቦ መዝገቡን ያስተካክላል። ይህ ዘዴ የሚጠብቀው ግን መዝገቡን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በብዙ ፍላሾች ላይ የሚገኘው ፋት 32 ደግሞ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ጭራሽ የለውም። ሒሳብን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞ መዞር አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለት በሽታ፣ ሁለት ሕክምና

ከጥገና በፊት የታመመው መዝገቡ ይሁን መጋዘኑ ራሱ መለየት አለበት። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ፋይል ለመክፈት ብዙ ካስጠበቀ ወይም ስማርት የተባለው የዲስኩ የጤና መረጃ መጥፎ ምልክት ካሳየ፣ እየሞተ ያለው ዲስኩ ነው። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ረጅም ጥገና ማካሄድ የቀረውን ዕድሜ ያሳጥራል። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ቼክ ዲስክ ሥራውን ይጀምራል። ያለ ተጨማሪ ትዕዛዝ ሲነሳ አይቶ ሪፖርት ያቀርባል እንጂ ምንም አይነካም። «ኤፍ» ሲጨመርበት መዝገቡን ያርማል፤ «አር» ሲጨመርበት የተበላሹ ቦታዎችን ጭምር ስለሚፈትሽ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮችን በአንድ ፎልደር ሊሰበስብም ይችላል። ዓላማው መዝገቡን ማስታረቅ በመሆኑ ያልታረቀለትን ሊሰርዝ ይችላል። ከጥገና በፊት ኮፒ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉም ውድ የሚሆነው ርካሹ ፎርማት ነው። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል፤ በሃርድ ዲስክ ላይ ዕቃው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ስለሚቆይ በባለሙያ ሊወጣ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው አብሮ ይጸዳል።

ዲስክ ከገበያ ይገዛል፤ የዱቤ ዝርዝር ግን አይገዛም። ዩፒኤስና ትርፍ ዲስክ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ወጪያቸው መመዘን ያለበት ግን ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ሳይሆን ሳይሰበሰብ ከሚቀረው ዕዳ ጋር ነው። ባለንብረቱም ኮምፒዩተሩን ለጥገና ከማስረከቡ በፊት ስለ ዋጋው ከመከራከር ይልቅ «መጀመሪያ ኮፒ ይደረጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበጀዋል።